ያልተለቀመ ቱታ

ባለፈው ወር የግቢዬን በር ላሠራ አቃቂ በሰቃ አንድ ብረታ ብረት ቤት ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። አንዱ ወጣት ቶርኖው ላይ ወፍራም ብረት ይልጣል፤ ሥራውን የጨረሰው ጓደኛው ደግሞ ከጎኑ ባልዲ ላይ አጎንብሶ እጁን በልብስ ሳሙና ይታጠባል። የተቃጠለ ዘይት፣ የጋለ ብረትና ሳሙና አንድ ላይ ሸተቱኝ። ለየብቻቸው ቢሆኑ ምንም አያደርጉኝም። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ትልቅ ሴት መሆኔን ረስቼ፣ ሰው ጥፋቴን ያየብኝ ይመስል ፊቴ ጋለ። ልጁ ማሽኑን አቁሞ፣ "እናት፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ።

"ሙቀቱ ነው" አልኩት። ውሸት ድሮም አይቸግረኝም።

በሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረዋል ሲሉኝ ባጃጅ ይዤ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። በልጅነቴ ከዚያ ሰፈር ከወጣን ጀምሮ በአጠገቡ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ ነበር የማዞረው። ያን ቀን ምን እንደገፋኝ አላውቅም።

አባቴ የባቡር እግር፣ የብረት ጎማውን ማለቴ ነው፣ ያስተካክል ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ሐዲድ እስከ ውስጡ የሚዘልቅበት ትልቅ ቆርቆሮ ቤት አለ፤ ሠራተኞቹ "እግር ቤት" ይሉታል። ብዙ የሮጠ ሎኮሞቲቭ እግሩ ይበላል፤ አንዱ ጋ ይጎደጉዳል፣ ሌላው ጋ ይሳላል። ያኔ እግሮቹ ጥንድ ጥንዱን፣ ከነዘንጋቸው ይፈቱና በሰንሰለት ተነስተው ቶርኖው ላይ ይጫናሉ። ቶርኖው ድሮ ከፈረንጅ አገር በመርከብ የመጣ፣ አባቴን በዕድሜ የሚያስከነዳ ማሽን ነበር። ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት ክብ ብረቶች አሉት። እግሮቹን መሀላቸው ይዘው ቀስ እያሉ ያዞሯቸዋል፣ ቢላው ደግሞ ይልጣቸዋል። አባቴ አጠገቡ ቆሞ ዘይት ያንጠባጥባል። በየመሀሉ ማሽኑን ያቆምና ከግድግዳው ምስማር ላይ አንዲት የነሐስ መለኪያ ያወርዳል፤ በጤነኛ እግር ቅርጽ የተቆረጠች ናት። እግሩ ላይ ይለጥፋትና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። በመሀላቸው ብርሃን ካለፈ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነገሩን የተረዳሁትም በድንች ነው። እማዬ ድንች ስትልጥ ድንቹ ያንሳል። እንግዲህ አባዬ ባቡሩን በየጊዜው ከላጠው ባቡሩም ማነሱ አይቀርም። አንድ ቀን ፍየል አክሎ ድሬዳዋ እንደሚገባ፣ ተሳፋሪውም እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ እንደሚሄድ ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ አስረድቻለሁ። ሁሉም አመኑኝ። ዘነበች የምትባል፣ ሁሉን ነገር የምትበልጠኝ ልጅ ብቻ "ውሸታም!" አለችኝ። ያኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ከእግሩ የሚወጣው ልጣጭ ሁለት ዓይነት ነው። ረጅሙ እንደ ተተኮሰ ፀጉር የተጠቀለለ ነው፤ ከመጋሉ የተነሳ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ይሆናል። አባቴ ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ያመጣልኝና ለገና ከጽዱ ላይ እንሰቅለዋለን። ደቃቁ ግን ጠላት ነው። ቱታው ኪስ ውስጥ፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ስፌቱ ውስጥ ይሰገሰግና ልብስ አጣቢዋን ይጠብቃል።

ስለዚህ ሥራ ነበረኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የአባቴን ሁለት ቱታዎች ደጃፍ ላይ ዘርግቼ እለቅማለሁ። ከተሰበረ ራዲዮ የወጣ ድፍን ማግኔት ነበረኝ። መጀመሪያ ከላይ ከላይ አስኬደዋለሁ፤ ከዚያ ኪሶቹን እገለብጣለሁ፤ ከዚያ እጥፋቱን ፈትቼ በጥፍሬ እፈትሻለሁ። ማግኔቱ ጢም ሲያወጣ አራግፈውና እንደገና እጀምራለሁ። ሲያልቅ ቱታዎቹን ጠቅልዬ ለእትዬ አስካለ እሰጣለሁ። "ለቀምሽው?" ትለኛለች። "ለቅሜዋለሁ" እላታለሁ። ከዚያ ሳታይ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች።

እትዬ አስካለ ከግቢያችን ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ቤት የምትኖር መበለት ነበረች። ባሏ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። እሷ የእግር ቤቱን ሰዎች ቱታ እያጠበች ትኖራለች። ቀጭን ናት፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፣ ልጅን ስትቆጣ እንኳ "አንቺ የተባረክሽ" ብላ ነው። ከማጠብ የተረፋትን ጊዜ ትፈትላለች። የእሷ ፈትል በሰፈሩ የታወቀ ነው። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው ባዘቶው ከግራ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ዝም ብሎ ክር እየሆነ ይወርዳል፤ የት ላይ ጥጥነቱ እንዳበቃ ዓይን አይለየውም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የምትፈትለው ለአንድ ልጇ ለተፈራ ነበር። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ይሠራል፤ ለዳግማይ ትንሣኤ እዚሁ አቃቂ ሊያገባ ነው። "ሌላው ሌላውን ያምጣለት፣ ጋቢው ግን ከእጄ ነው" ትላለች ላገኘችው ሁሉ። ድሩን ጨርሳ ማጉን አጋምሳው ነበር። ልቃቂቶቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታስቀምጣቸዋለች። አንድ ቀን እጄን አስታጥባ አንዱን አስያዘችኝ፤ ከቅለቱ የተነሳ የያዝኩት አልመሰለኝም።

ቅዳሜው ደረሰ። ጾሙ ከተያዘ ሁለተኛው ሳምንት መሰለኝ። ቱታዎቹን ዘርግቼ ማግኔቴን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለ ልጆቹ ከአጥር ውጭ ሰኞ ማክሰኞ ጀመሩ። ጠሩኝና "አንዴ ብቻ" ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ ጠጠሬ መስመር አይነካም፣ እግሬ አይስትም። ሐሙስን አልፌ ዓርብ ገባሁ፤ ዘነበች ገና ማክሰኞ ላይ ናት። በሕይወቴ ልበልጣት የተቃረብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚህ መሀል እትዬ አስካለ ከግቢ ውስጥ "ገንዬ! ውሃው ሊቀዘቅዝ ነው!" አለች።

ሮጬ ገባሁ። ማግኔቱን ከላይ ከላይ አንድ ጊዜ አስኬድኩት። ኪስ አልገለበጥኩም፣ እጥፋት አልፈታሁም። ጠቅልዬ ሰጠኋት።

"ለቀምሽው?"

"ለቅሜዋለሁ!" መልሱን የሰጠሁት ጀርባዬን አዙሬ፣ እየሮጥኩ ነው።

ዓርብን ጨርሼ ቅዳሜ ላይ ቆሜ ነበር ጩኸቷን ስሰማ። ጩኸት እንኳ አይባልም፤ "ውይ" እንደማለት ያለች አጭር ድምፅ ነበረች። ስገባ የሳሙናው አረፋ ቀልቷል። እማዬ ከወጥ ቤት፣ አባዬ ከመኝታው ወጥተው ቆመዋል። ከኪሱ እጥፋት ውስጥ የነበረ ስለታም ልጣጭ በግራ እጇ አውራ ጣት ገብቶ ውስጥ ተሰብሯል። ቱታው የአባዬ ነው፤ ጉልበቱ ላይ እማዬ የጣፈችው ቡናማ እራፊ አለበት።

"ገነት!" አለች እማዬ። "ለቅሜዋለሁ አላልሽም?"

ሦስቱም አዩኝ። ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ አፌ ያለ ምንም ችግር ተከፈተና፣ "ልለቅም ስል እትዬ አስካለ 'ተይው፣ እኔ እለቅመዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ ተጫወቺ' አለችኝ" አልኩ።

ፊት ለፊቷ ነው ያልኩት። ጣቷ እየደማ።

እትዬ አስካለ ጣቷን ከአፏ አውጥታ አየችኝ። ያን አስተያየት ብዙ ጊዜ ልተረጉመው ሞክሬያለሁ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይልቅ የማታውቀውን ሰው የምታይ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ፣ "አዎ፣ ብያታለሁ" አለች። "ልጅ ናት፣ ትጫወት ብዬ ነው። የራሴው ጥፋት ነው።"

"አንቺም እኮ አበዛሽው አስካለ!" አለች እማዬ። "ልጅቷን ሥራ አስፈትተሽ ልታበላሽያት ነው?"

"እውነትሽን ነው እህቴ" አለች፤ ጣቷን በጨርቅ አስራ ቱታውን ማለቅለቅ ቀጠለች። በእኔ ፈንታ ቁጣውን የተቀበለችው እሷ ናት። እኔ ወጥቼ ጨዋታዬን ጨረስኩ። አሸነፍኩም።

ማክሰኞ ዕለት ጣቷ አብጦ እንቅልፍ ነሳት። ክሊኒክ ወሰዷት፤ ድሬሰሩ ከፍቶ አጠበውና "ብረቱ ሳይወጣ አይቀርም" አለ። ይህን ለዘነበች ስነግራት እንደ ትልቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

"ካልወጣ በደም ሥር ይሄዳል" አለችኝ። "ልብ ሲደርስ ሰውየው ይሞታል። የአክስቴ ጎረቤት በመርፌ እንደዚያ ሆና ነው የሞተችው።"

ከአውራ ጣት እስከ ልብ በራሴ ክንድ ላይ በጣቶቼ ለካሁት። ብረቱ በቀን አንድ ጣት ቢሄድ ፋሲካን ሳትበላ ትሞታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምሰማው የእሷ በር መከፈቱን ነበር። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ሲሉ እሰማለሁ። የኔው አልቀለለም፤ በየቀኑ አንድ ጣት ወደ ልቧ ይሄድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ሸለብ አድርጓት አገኘኋት። የታሰረው እጇ ጭኗ ላይ ነው። ማግኔቴን አወጣሁና ብብቷ አጠገብ አስጠግቼ፣ ወደ ጣቷ ቀስ እያልኩ፣ ቆዳዋን ሳልነካ መሳብ ጀመርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስስብ ዓይኗን ገለጠች።

"ምን እያረግሽ ነው አንቺ የተባረክሽ?"

"ብረቱን ወደ ኋላ እየሳብኩት ነው።"

ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ክንዷን አየች፣ ማግኔቱን አየች። "ወዴት ደርሷል?" አለችኝ።

"ክርንሽ ጋ።"

"እንግዲያስ በርትተሽ ሳቢው" አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክንዷን ትዘረጋልኛለች። አንድም ቀን ለምን እኔ እንደምስብ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እናገር ነበር እላለሁ ዛሬ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ቁስሉ ሲድን ጣቷ አልታጠፍ አለ። ድሬሰሩ ጅማቱ ተነክቷል አለ። እንዝርቷን አንስታ ስትሞክር ክሩ ይበጠሳል፤ ቀጥላ ታዞረዋለች፣ ይበጠሳል። አንድ ቀን በበሯ ስንጥቅ ሳያት እንዝርቱን አስቀምጣ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ ታለቅሳለች። ማጉ ሊሞላ ሁለት ልቃቂት ይጎድላል። ጎረቤት እንፍተልልሽ ሲላት "ከቤቴ እንዲወጣ ነው የተሳልኩት" እያለች እንቢ አለች።

በማግስቱ ልስብላት ስመጣ ክንዷን አልዘረጋችም።

"ማግኔቱን አስቀምጪ። ቁጭ በይ" አለችና እንዝርቱን እጄ ላይ አደረገችው። "ጣት ያለሽ አንቺ ነሽ።"

ሦስት ሳምንት ፈተልኩ። ክር አይባልም፤ አንዱ ጋ እንደ ትል ያብጣል፣ አንዱ ጋ እንደ ፀጉር ይቀጥንና ይበጠሳል። አጠገቤ ተቀምጣ "አትቸኩይ፣ ጥጡ ራሱ ይመጣል" ትለኛለች። ልጆቹ ከአጥር ውጭ ሲጫወቱ ይሰማኛል፤ አንድም ቀን ተነስቼ አልወጣሁም። እማዬ "ልጄ ባለሙያ ሆነች!" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እትዬ አስካለ ለእሷም እውነቱን አልነገረቻትም። ሁለቱን ልቃቂት እንደ ራሷ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለቻቸውና ለሆሣዕና ዋዜማ ሸማኔው መጥቶ ሁሉንም ወሰደ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰገድ ይዋላል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ካህናቱ ወይራ ይዘው ይቆማሉ። ሰው ተሰልፎ ያጎነብሳል፣ እነሱ በቅጠሉ ትከሻውን ቸብ እያደረጉ ጥፋቱን ይጠይቁትና ተጨማሪ ስግደት ያዝዙታል። እትዬ አስካለ ከፊቴ ነበረች። ሽማግሌው ቄስ ቸብ አደረጓት።

"ምን አጠፋሽ ልጄ?"

"ዋሽቻለሁ አባቴ" አለች።

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ ጊዜ። የሰው ልጅ እንዳትገረፍ ብዬ።"

"ለደግም ቢሆን ውሸት ውሸት ነው። አርባ አንድ ስገጂ።"

ተራው የኔ ሆነ። የወይራው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። "ዋሽቻለሁ" አልኩ እኔም፤ ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልተናገርኩም። እሳቸውም ልጅ ናት ብለው ሳይሆን አይቀርም አልመረመሩኝም፤ ለኔም አርባ አንድ አዘዙኝ።

የተሰማኝን ልናገር፤ ከሁሉ የማፍርበት ይህ ነውና። ደስ አለኝ። የትኛውን ውሸት እንደምትል ወዲያው ገብቶኛል። እሷም ዋሽታለች፣ እኔም ዋሽቻለሁ፤ ውሸቱ አንድ ነው፤ እንግዲህ እንደ አንድ እንስራ ውሃ ለሁለት እንካፈለዋለን ብዬ አሰብኩ። አርባ አንድ ለሁለት ሃያ ሃያ ሆኖ አንድ ይተርፋል። የተረፈችውን ትልቋ ትውሰዳት። ሃያ ሰገድኩና ጉልበቴን አራግፌ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሆኜ አየኋት። ግራ አውራ ጣቷ መሬት ሲነካ ስለሚያማት አራቱን ጣቶቿን ጨብጣ በእነሱ ነበር የምትደገፈው፤ ስትነሳ ፊቷ ይጨማደዳል። ሃያ አንድ ላይ ትቆማለች ብዬ ስቆጥር አለፈችው። ሠላሳን አለፈች። አርባ አንዱንም ሰገደች። መካፈል የሚባል ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ጋቢው ለሠርጉ ደረሰ። ተፈራ ለብሶት ሲቆም አንዷ ሴትዮ ጫፉን ዳሰሰችና፣ "አስካለ፣ ይሄ ዳሩ ምነው ጎረበጠ? ያንቺ ፈትል እንዲህ አልነበረም" አለች። ዳቦ የተሞላ ሰፌድ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"እጄ ታሞ ነው" አለች እትዬ አስካለ።

ሰፌዱን ይዤ አለፍኩ። በዚያ ክረምት አባቴ ተዛውሮ ሰፈሩን ለቀቅን።

እና ባለፈው ወር፣ በሬ እየተሠራ፣ እግር ቤቱ ደጃፍ ቆምኩ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል። አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ቁልፉን ይዞ ተነሳ።

"የወርቁ ልጅ አይደለሽም? ቁርጥ አባትሽን!"

ጋሽ ተፈራ ነበር። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ከድሬዳዋ ተመልሶ እዚሁ ጠባቂ ሆኗል። እናቱ እትዬ አስካለ ያረፈችው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። በሩን ከፈተልኝ። ቶርኖው እንዳለ ነው፤ መሀሉ ላይ የመጨረሻዎቹ ጥንድ እግሮች ተጭነው ቀርተዋል፣ አንዱ ተልጧል፣ ሌላው አልተነካም። የነሐስ መለኪያዋ ምስማሯ ላይ ተንጠልጥላለች። አውርጄ ያልተነካው እግር ላይ ለጠፍኳትና እንደ አባቴ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ብርሃኑ በሰፊው ያልፋል።

ስንወጣ ነፋስ ነበር። ጋሽ ተፈራ የጋቢውን አንድ ጫፍ ፈልጎ አገኘና ወደ አንገቱ መለሰው።

"ይሄን ጋቢ ታውቂዋለሽ? የሠርጌ ነው" አለኝ። "ዳሰስ አርጊው እስቲ፣ ይሄ ዳሩ አይጎረብጥም? እናቴ እጇ ታሞ፣ እያማት የፈተለችው እዚህ ጋ ነው። ሌላውማ ለስላሳ ነው፣ ማንም ጥሩ ፈታይ የሚፈትለው። ሲበርደኝ ይሄኛውን ነው ወደ አንገቴ የማደርገው።"

ዳሰስኩት። እያንዳንዱን እብጠት ጣቴ አወቀው።

አፌን ከፈትኩ። ልነግረው ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ልነግረው ነበር። ፊቱን ሳይ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"የእናት ነገር" አልኩት።

"የእናት ነገር!" አለና በሩን ቆለፈው።

ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ስል ለካ ጉልበቴን በእጄ ይዣለሁ። ቄሱ ካዘዙኝ ስግደት ውስጥ እስካሁን ሃያ አንድ ይቀረኛል።